«በቂ በርበሬ» ስንት ማንኪያ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምግብ ዝግጅት ዓምዳችሁን ብዙ ሰው ያነበዋል። ጋዜጣው ቤት ሲገባ መጀመሪያ እሱን የሚገልጥ አለ፤ ቆርጦ ማድ ቤት በር ላይ የሚለጥፍም አለ። ይህን ያህል የሚታመን ዓምድ በመሆኑም ነው የጎደለው ነገር የሚያሳስበን። ከሚወጡት የወጥ አሠራሮች አብዛኞቹ «በቂ በርበሬ»፣ «ትንሽ ጨው»፣ «ዘይት እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «እስኪበስል ማብሰል» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። እናቱ ጓዳ ቆሞ የተማረ ሰው እነዚህን ቃላት ይረዳቸዋል፤ እሱ ግን መጀመሪያውኑ ጋዜጣ አያሻውም። ጋዜጣ የሚያሻው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ስስ የአሉሚኒየም ድስት ይዞ ሽሮ እያሳረረ የሚማር ተማሪ ነው፤ ትዳር በያዘች ሰሞን እንግዳ የመጣባት ወጣት ናት። ለእነሱ «በቂ» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «የሚያቃጥል ወጥ ለሚወዱ የበርበሬውን መጠን እጥፍ ማድረግ ይቻላል» የሚለው ምክራችሁ ነው። ይህ ምክር ድስት ያበላሻል። በርበሬው ሲታጠፍ ሽንኩርቱና ቅባቱ ካልታጠፉ ዱቄቱ የሚበስልበት ነገር አያገኝም፤ ከታች ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ይሆናል። የወጥ ጣዕም የሚወሰነው በሦስቱ መመጣጠን፣ ድስት ውስጥ በሚገቡበት ተራና በሚቆዩበት ደቂቃ ነው።

ምክንያቱን ባጭሩ እናስረዳ። በርበሬን የሚያፋጀው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚገኘውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ጅማት ላይ ነው። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በቅባትና በአልኮል ግን ይሟሟል። ቀዩ ቀለምም እንዲሁ ቅባት ፈላጊ ነው። የቁሌት ነገር ሁሉ ከዚህች ባሕርይ ይመዘዛል። በርበሬ ውሃ ላይ ተበትኖ ቢፈላ ቀለሙን አይለቅም፤ ዱቄት እንደሆነ ይቀርና ምላስ ላይ ጥሬ ጥሬ ይላል። ቅባት ውስጥ በዝግታ ሲቁላላ ግን መፋጀቱም ቀለሙም ወደ ቅባቱ ይዞራል፤ ቅባቱ ደግሞ ለእያንዳንዷ ጉርሻ እኩል ያዳርሰዋል። አፍ ሲቃጠል ውሃ መጠጣት የማያበርደውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ካፕሳይሲኑን አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም። ወተት፣ እርጎና አይብ ያነሱታል። አይብ ከቀይ ወጥ ጎን የሚቀመጥበት ምክንያት አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ልኩ። ለ1 ኪሎ ግራም የተላጠ ቀይ ሽንኩርት 80 ግራም በርበሬ መነሻ ይሁን። ልጆችና አዛውንት ለሚበሉት ገበታ 50 ግራም ይበቃል፤ እሳት የሆነ ወጥ ለሚወድ 100 ግራም ድረስ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ሽንኩርቱንና ቅባቱንም አብሮ ይጨምር። ሚዛን የሌለው በማንኪያ ይለካ፦ በቢላ ጀርባ የተደለደለ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ 7 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቁልል ያለው 12 ግራም ይደርሳል። «አንድ ማንኪያ» ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው የትኛውን ይያዝ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሚበላው ሰው ከበቂ በላይ ይታወቀዋል። «አንድ ብርጭቆ» የምትሉትም እንደዚሁ ነው፤ የሻይ ብርጭቆና የውሃ ብርጭቆ እኩል አይይዙም። ወይ በግራም፣ ወይ በሚሊ ሊትር፣ አለዚያም የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉልን።

በምሳሌ እናሳይ። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የሚሆን የምስር ክክ ወጥ ይህን ይፈልጋል፦ ምስር ክክ 300 ግራም፣ የተላጠ ቀይ ሽንኩርት 500 ግራም፣ በርበሬ 40 ግራም (ሦስት ቁልል የሾርባ ማንኪያና ትንሽ)፣ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ ነጭ ሽንኩርት አንድ መካከለኛ ራስ፣ የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ዝንጅብል፣ ጨው ሁለት የተደለደለ የሻይ ማንኪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ አንድ ሊትር ገደማ የፈላ ውሃ።

ሽንኩርቱ በቢላ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍ። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንዴ ስለሚለቅ ሳይቁላላ ይቀቀላል፤ ጠረኑም ይከብዳል። የተከተፈው ደረቅ ድስት ላይ ያለ ዘይት ይጣድ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ከውጭ ይጠበስና ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል፤ ያለ ዘይት ሲሆን ግን በራሱ ውሃ ይሟሽሻል። እሳቱ መለስተኛ ይሁን፤ ማማሰያው አይራቅ። ድስቱን መያዝ ሲጀምር አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ማማሰል፣ ሲደርቅ እንደገና ጠብ ማድረግ። በ20 እና በ25 ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርቱ መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ መስታወት መስሎ ወርቃማ ይሆናል፣ በማማሰያ ሲጫኑት ይላላል። ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ያ መራራነት እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ ይገባል። ለሦስት ደቂቃ ያህል ከሽንኩርቱ ጋር ከተዋሐደ በኋላ እሳቱን ቀንሶ በርበሬውን መጨመር፣ ወዲያውም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ማስከተል። ብዙ ድስት የሚበላሽባት ደቂቃ ይህች ናት። በርበሬ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ በጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ ለመቃጠል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ጠብ የሚለው ውሃ ሙቀቱን ያበርደዋል፤ ተኖ ሲያልቅ ዘይቱ ይሠራል፤ ደግሞ ጠብ ይላል። እንዲህ እየተመላለሰ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቁላላ። የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ማጥፊያውን ቢያዞረውም የጋለው ጠመዝማዛ ሽቦ ቶሎ አይበርድም፤ ድስቱ ሊይዝ ሲል ቁልፉን ከማዞር ይልቅ ድስቱን ማንሳት ይሻላል።

ቁሌቱ መድረሱን የሚነግሩት ምልክቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሽታው ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ የሚያስነጥሰው የጥሬ በርበሬ ሽታ ጠፍቶ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይተካል። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ደማቅ ቀይ የነበረው ወደ ጠይም ቀይ ይወርዳል። ሦስተኛውና የማይዋሸው ዘይቱ ነው፤ ማማሰያው የድስቱን ታች ሲገልጥ መንገዱ ሳይሞላ ጥቂት ይቆያል፣ ቀይ ዘይትም ከዳር ከዳር ተለይቶ ብቅ ይላል። ዘይቱ ሳይለይ ምስር የጨመረ ሰው በኋላ የፈለገውን ያህል ቢያፈላው ጥሬነቱ አይለቅም፤ ውሃ ከገባ ወዲያ በርበሬው በቅባት ሳይሆን በውሃ ነው የሚበስለው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ ተወቅጠው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ ነጭ ሽንኩርቱ ያርራል።

ምስሩ ታጥቦ ይጨመርና ሁለት ደቂቃ ከቁሌቱ ጋር ይገላበጥ፤ ከዚያ የፈላ ውሃ። ቀዝቃዛ ውሃ ድስቱን በአንዴ ያበርደዋል፣ መንተክተኩንም ያዘገየዋል። ቲማቲም የሚጨምር ሰው ምስሩ ከላላ በኋላ ይጨምር፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት የጥራጥሬን መብሰል ስለሚያዘገየው ቀድሞ ከገባ ምስሩ ድንጋይ ድንጋይ እንዳለ ይቀራል። ጨው መጨረሻ አካባቢ፣ መከለሻው ደግሞ ከመውረዱ ሁለት ደቂቃ በፊት ይግባ። ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ መዓዛቸው በእንፋሎት የሚሄድ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ድስቱ ሳይሆን ቤቱ ነው የሚሸተው።

«እስኪበስል ድረስ» የሚለው ቃል ለጎጃም አንባቢ የተለየ ችግር አለው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ በተባለ ቁጥር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃዋ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጅባራ ከዚያም ከፍ ትላለች። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ጥራጥሬ ላይ ግን ይታያል። ባሕር ዳር በ20 ደቂቃ የሚላላ ምስር ክክ ደብረ ማርቆስ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ድፍን ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ለእነዚህ ማታ ዘፍዝፎ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ማሳደር ነው መፍትሔው። ፍኖተ ሰላም የተሞከረ አሠራር እንጅባራ ላይ «አልበስል አለ» ቢባል ጥፋቱ የአብሳዩ አይደለም። ስለዚህ ደቂቃ ስትጽፉ የት ከተማ እንደተሞከረ አብራችሁ ብትጽፉ ትልቅ ውለታ ነው።

የተበላሸ ድስት ይድናል ወይ? አንዳንዱ ይድናል። በርበሬው ካረረ ግን አይድንም፤ ስኳርም ቅቤም አይሸፍነውም፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ቅመሙ በዝቶ ከፋጀ ውሃ መጨመር ወጡን ያቀጥነዋል እንጂ መፋጀቱን አያነሳውም። ሌላ ድስት ላይ 250 ግራም ሽንኩርት ያለ በርበሬ አቁላልቶ ከትንሽ ቅባት ጋር መቀላቀል ነው የሚበጀው። ወጡ ከቀጠነ ከድኖ ከመተው ይልቅ ክዳኑን አንስቶ ማንተክተክ፤ ዱቄት መበተን የምስር ወጥን ጣዕም ይገድላል። ሽሮ ጓል ጓል የሚለው ዱቄቱ በሚፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ስለሚደፋ ነው፤ ለ100 ግራም ሽሮ አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ቀዝቃዛ ውሃ ወስዶ ቀድሞ ማሟሟት፣ ከዚያ ወደሚፈላው ቁሌት እያማሰሉ ማፍሰስ። ከ15 ደቂቃ በታች የፈላ ሽሮ ደግሞ ዱቄት ዱቄት ይላል።

ሥጋና ዶሮ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሕጉ ያው ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 160 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም ንጥር ቅቤ። ሽንኩርቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ በርበሬው ሌላ 40 ደቂቃ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ዶሮ ባይገዛ ይሻለዋል። በጨውና በሎሚ ታጥቦ የተንጠፈጠፈው ብልት ውሃ ከመጨመሩ በፊት ቁሌቱ ውስጥ 10 ደቂቃ ይገላበጥ። የተቀቀለው እንቁላል ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር ተደርጎ መጨረሻ ላይ ይግባ። በሸክላ ድስት የሚሠራ ከሆነ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከሚፈለገው አምስት ደቂቃ አስቀድሞ ይውረድ።

ልክ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ግን በርበሬው ራሱ ደኅና ሲሆን ነው። ጎጃም በዚህ አልታደለም አይባልም፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣው ዛላ ገበያችንን ይሞላዋል። ሲገዙ ግን ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ መመለስ ስሕተት ነው፤ እጅን እስከ ክንድ አስገብቶ ከመሐል አምስት ዛላ አውጥቶ መስበር። የደረቀ ዛላ ኮሽ ብሎ ይሰበራል፣ ሲነቀንቁት ዘሩ ውስጡ ይንሿሿል። እርጥበት ያለው እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል፤ ክብደት እንዲጨምር ውሃ የነካው ሊሆን ይችላል። ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበትን በዋጋ ርካሽነት ተታሎ መግዛት አይገባም። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህን መርዝ ማመስም ሆነ ማፍላት አያጠፋውም። «ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይለቀዋል» የሚለው አባባል ሻጋታው ከዓይን እንዲሰወር ያደርጋል እንጂ መርዙን አያነሳም።

የተፈጨ ከመደብር የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ቁንጥር በጥርሱ ይሞክር፤ አሸዋ ወይም የሸክላ ገል ካለበት ይንኮሻኮሻል። ሌላ ቁንጥር ንጹሕ ውሃ ላይ ይበትን። የበርበሬ ቀለም ቅባት ፈላጊ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ አያቀላውም፤ ወዲያው ቀይ ጅራት እየጎተተ የሚወርድ ከሆነ ቀለም ተጨምሮበት ይሆናል።

ቤት ውስጥ ለሚያዘጋጅ፣ ለ1 ኪሎ የተቀነጠሰ ዛላ፦ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት 150 ግራም፣ እርጥብ ዝንጅብል 100 ግራም፣ ቀይ ሽንኩርት 100 ግራም፣ ደረቅ በሶብላ 30 ግራም፣ አንድ ጭብጥ ጤና አዳም፣ ጨው 100 ግራም፤ ለኋላ የሚሆን የተፈለፈለ ኮረሪማ 50 ግራም፣ ነጭ አዝሙድ 25 ግራም፣ ጥቁር አዝሙድ 25 ግራም። ዛላው ሸርክት ተደርጎ ከተወቀጠ በኋላ እርጥቡ ቅመም ይለወስበትና ተሸፍኖ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ ንጹሕ ሰሌን ወይም ሸራ ላይ ስስ ተደርጎ ይሰጣ። መሬት ላይ በቀጥታ ማስጣት አቧራም እርጥበትም ይሰጠዋል። የሚደርቅበት ቀን እንደ ፀሐዩ ነው፤ መፈተኛው ግን አንድ ነው፦ ጭብጥ አድርገው ጨምቀው ሲለቁት ከተያያዘ አልደረቀም። ከዚያ ኮረሪማውና አዝሙዶቹ በየራሳቸው ለስላሳ እሳት ላይ መዓዛቸው እስኪነሳ ብቻ ይታመሱና ተቀላቅሎ ይፈጫል። ከወፍጮ ሲወጣ ዱቄቱ ትኩስ ነው። በትኩሱ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሠርቶ ይመለሳል፤ ብዙ ቤት በርበሬ ከላይ የሚሻግተው በዚህ ነው። ንጹሕ ነጠላ ላይ በትኖ ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ብርሃን በማይገባበት ዕቃ መክተት። ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል።

አሁን ወደ ማባያው እንምጣ፤ ዓምዳችሁ በጣም የሚዘልለው ይህን ነው። «በሰላጣ ማቅረብ ይቻላል» ተብሎ ያልቃል። የሚያፋጅ ወጥ ያለ ማባያ ምላስን ያደነዝዛል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጣዕም መለየት ይቀራል። ኮምጣጣ፣ ቀዝቃዛ ወይም ወተታማ ነገር በመካከል ሲገባ ነው ወጡ እስከ መጨረሻው የሚጣፍጠው።

ለጾም ቀን ከአዚፋ የሚሻል የለም እንላለን። ምስጢሩ ሰናፍጩ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚያ ነው። ደረቅ የሰናፍጭ ፍሬ ቢቆረጠም መጀመሪያ መራራ ብቻ ነው። የሚሰነፍጠው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም በዚያን ጊዜ ሥራ ይጀምራል። የፈላ ውሃ ይህን ኢንዛይም ይገድለዋል፤ መራራነቱ ብቻ ይቀራል። ሎሚና ጨው ቀድመው ከገቡም ሥራውን ያቋርጡታል። ስለዚህ አራት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በስድስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ይለወስ፣ ተከድኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ክዳኑ ሲነሳ ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ደርሷል። ሎሚ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት የሚገባው ያኔ ነው፤ ሎሚው ስንፈጣውን ባለበት ያጸናዋል።

ለአዚፋው 250 ግራም ድፍን ምስር ይቀቀላል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ውሃው ተጠንፍፎ ግማሹ ይፈጭ፣ ግማሹ ፍሬው ይታይ። ከዚያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ሙቅ ምስር ላይ ሰናፍጭ የሚያዋሕድ ሰው ስንፈጣውን በእንፋሎት ያባርረዋል። ሲቀዘቅዝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከተለወሰው ሰናፍጭ፣ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ደቀው፣ የአንድ ተኩል ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። የዘጌን ሎሚ ያገኘ ሰው አንዱ ይበቃዋል ቢል አንከራከረውም። ዘይቱ የኑግ ከሆነ ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ግን የኑግ ዘይት ቶሎ ይከረፋል፣ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለፍስክ ቀን አይብ በጎመን። አይቡን ከአሬራ ለሚያወጣ፣ እሳቱ እጅግ ለስላሳ ይሁን፤ መፍላት የለበትም፣ መማሰልም የለበትም። አጓቱ አረንጓዴ መሰል ሆኖ ሲጠራና አይቡ ሲሰበሰብ ይውረድ፤ በረድ ካለ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጥለል። ከፈላ አይቡ ጎማ ይሆናል። 500 ግራም ጎመን ተቀቅሎ በሁለት እጅ ውሃው እስኪያልቅ ይጨመቅና ደቆ ይከተፍ። ካልተጨመቀ ሳህኑ ላይ አረንጓዴ ውሃ ይተፋል። በ250 ግራም አይብ፣ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና በሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይዋሐድ። ለአይቡ ሚጥሚጣ አያስፈልገውም፤ ከወጡ ጎን የሚበርድ ነገር ነው የተፈለገው።

አዋዜ ቀላል ነው፦ አራት ቁልል የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ አረቄ፣ አምስት ወይም ስድስት ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሁለት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት። አረቄው ለሞቅታ የገባ አይደለም፤ አልኮሉ ቀለሙንና መፋጀቱን ከዱቄቱ ስለሚያወጣ ነው። ሌሊቱን ካደረ ይለሰልሳል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰው።

ቃሪያ ስንግ ላይ ነጩን ጅማት በሻይ ማንኪያ ጀርባ ጠርጎ ማውጣት መፋጀቱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ዘሩን ብቻ ማራገፍ ብዙ አይለውጥም። ከዚያ በሽንኩርት፣ በሎሚና በጨው መሙላት። ቃሪያ የከተፈ እጅ በውሃ ብቻ አይጠራም። ጥቂት ዘይት ቀብቶ ማሸት፣ ከዚያ በሳሙና፤ እስከዚያ ዓይንም ሕፃንም አይነካ። ይህችን አንዲት መስመር ዓምዱ ላይ አይተናት አናውቅም። የአዊ ድንች በቅርፊቱ ተቀቅሎ በሎሚና በቃሪያ፣ ወይም የታመሰ ተልባ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ሃያ ደቂቃ የተቀመጠ፣ ሁለቱም በጾም ቀን የአይብን ቦታ ይይዛሉ።

ለዐቢይ ጾም መግቢያ የስልጆ አሠራር እንደምታወጡ ባለፈው እትም ገልጻችኋል። እባካችሁ የባቄላው ዱቄት ስንት ግራም፣ የሱፉ ውሃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚብላላና በየቀኑ ምን ሊታይበት እንደሚገባ ጻፉበት። በተለይም የተፈጨው ሰናፍጭ የሚገባው የፈላው ስልጆ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ መሆኑን በጉልህ አትሙት፤ ከላይ እንዳልነው በትኩሱ ከገባ አይሰነፍጥም፣ ስልጆውም እንደሚገባው አይነሳም፤ አንባቢው ግን ይህን የሚያውቀው ቀናት ጠብቆ ማሰሮውን ሲከፍት ነው።

የምግብ ዝግጅት አሠልጣኞች
ከደብረ ማርቆስ